ያዘነበለው ድንጋይና ብርብራው

ባለፈው ሳምንት ዲላ በተደረገ አንድ ስብሰባ ላይ ሁለት ወጣት ተመራማሪዎች ሲከራከሩ አየሁ። አንዷ ስለ አፈር፣ ሌላው ስለ ታሪክ ይናገራሉ፤ አይደማመጡም። ለዕረፍት ስንወጣም ጀርባ ተሰጣጥተው ቆሙ። ሳቄ መጣ፤ ሳሙኤል ትዝ አለኝ።

ከብዙ ዓመታት በፊት ነው፤ ከደብረ ማርቆስ መጥቼ እዚሁ ዲላ ዩኒቨርሲቲ ስለ ደን ማስተማር ከጀመርኩ ዓመት አልሞላኝም ነበር። ሳሙኤልም እዚያው ያስተምራል፤ የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ ሙያው የጥንት ቅርስ ጥናት። ከወናጎ ወዲያ ያሉ ትክል ድንጋዮችን አብረን እንድናጠና ተመደብን። የበልግ መግቢያ ነበር። ወደ ገደብ የሚሄደው አውቶቡስ አስፋልቱ ላይ ያወርደንና ቀዩን ጭቃ እየረገጥን ዳገቱን እንወጣለን። ቡናው አብቦ መንገዱን በሙሉ መዓዛው ያውደዋል። እስከ ዛሬ ያን ሽታ የሚያህል አላገኘሁም።

ከድንጋዮቹ ረጅሙ የቆመው አቶ በራሶ በሚባሉ ገበሬ ጓሮ፣ በእንሰትና በቡና መካከል ነው። አጠገቡ ያለ ትልቅ የብርብራ ዛፍ ሥሩን ከድንጋዩ በታች ሰዶ አዘንብሎታል። ሳሙኤል «ዛፉ ይቆረጥ» አለ። እኔ ደግሞ ጥላው ከሄደ ቡናው ይጠወልጋል፣ ተዳፋቱንም ጎርፍ ይወስደዋል ብዬ ሞገትኩ። ከዚያ በኋላ ሰላምታችን እንኳ ቀዘቀዘ።

አንድ ቅዳሜ ብቻዬን ሄጄ አቶ በራሶን ዛፉን እንዳይቆርጡ ለመንኳቸው። ባለቤታቸው ቆጮ በጎመን አቀረቡልኝ። እሳቸው በልቼ እስክጨርስ ጠበቁኝና፣

«ሐሙስ ዕለት ያ ጓደኛሽ መጥቶ ቁረጥ አለኝ። ዛሬ አንቺ አትቁረጥ ትይኛለሽ። የመጣችሁት ከአንድ ቤት አይደለም እንዴ?» አሉኝ።

«ከአንድ ቤት ነን» አልኩ አንገቴን ደፍቼ።

«ልጄ ታደለ እንጨቱን ለቤት መሥሪያ ይፈልገዋል። ዛሬ ነገ እያልኩ ይዤዋለሁ። እንግዲህ ተነጋግራችሁ ኑ፤ አለዚያ ይቆርጠዋል።»

ሰኞ ለሳሙኤል ነገርኩትና አብረን ሄድን። ዳገቱ ሥር ዝናብ ያዘንና ከአንዲት ሱቅ ጣራ ጥግ ተጠለልን። ከጫማዬ ጭቃውን እየጠረግኩ፣

«ለአንድ ድንጋይ ለምንድነው እንዲህ የምትሆነው?» ብዬ ጠየቅኩት።

«ያደግኩበት ሰፈር ፈርሷል» አለ። «እናቴን ቤታችን የቱ ጋ ነበር ብላት፣ አዲሱ መንገድ ዳር ቆማ ማሳየት አቃታት።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «አንቺስ?» አለኝ።

ስለ አገሬ ኮረብታ ነገርኩት። ዛፉ ካለቀ በኋላ ምንጩም ደረቀ። አባቴ ግን ለዓመታት ጠዋት ጠዋት እየሄደ ያየው ነበር፤ ውሃ የሚመለስ ይመስል።

ዝናቡ ካባራ በኋላም እዚያው ቆመን ዛፉንም ድንጋዩንም የሚያተርፍ መላ ተመካከርን። ከዚያ አቶ በራሶ ዘንድ ስንደርስ ሁለታችንም የተናገርነው አንድ ሐሳብ ነበር፤ ዛፉ ይቅለል እንጂ አይውደቅ፣ ድንጋዩም ይደገፍ። ታደለ የዛፉን ከባድ ቅርንጫፎች ቆርጦ ለቤቱ ወሰደ። ድንጋዩን ከሚገፉት ሥሮች አንዱ ብቻ ተቆረጠ። ጎረቤቶች መጥተው የድንጋዩን እግር በአለትና በአፈር ጠቀጠቁት።

ድንጋዩ ዳነ። ብርብራው ግን በቀጣዩ በጋ መጨረሻ ደረቀ። መድረቁን ያየሁ ዕለት ከሥሩ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ሳሙኤል በሳምንቱ የብርብራ ችግኞች ይዞ መጣና ከድንጋዩ ራቅ አድርጎ ጉድጓድ መቆፈር ጀመረ። እኔም የሸሚዜን እጅጌ ሰብስቤ አገዝኩት።

ዛሬ ሳሙኤል ሌላ ክልል ነው የሚሠራው። አቶ በራሶም አርፈዋል። የተከልናቸው ዛፎች ግን ለታደለ ቡና ጥላ ሆነዋል።

ከዚያ ወዲህ ስለ ቅርስ ብዙ ጥናት አንብቤያለሁ፣ ጽፌያለሁም። ሰው አጥብቆ የሚጠብቀው አንድ ጊዜ ካጣው ጋር የሚመሳሰለውን ነገር ነው እላለሁ፤ ይህን ግን ጽሑፍ ላይ አስፍሬው አላውቅም። ባለፈው ሳምንት በዲላው ስብሰባ ዕረፍት ላይ ወደ ልጅቷ ጠጋ ብዬ፣ ስለ አፈር ሳይሆን የት እንዳደገች ጠየቅኳት። መልሱን ስትጀምር ጀርባውን ሰጥቷት የነበረው ልጅም ዞሮ ማዳመጥ ጀመረ።