ውሃልክና የአማቹ በር

አዋጅ! ጆሮ ያለህ ስማ፣ የሌለህ ከጎረቤት ተዋስ! ከዛሬ ጀምሮ ቀጥ ያለው ቀጥ ማለቱ፣ የተወላገደውም መወላገዱ የሚታወቀው በአንድ የእንጨት ሥራ ቤት ውስጥ በሚሠራ፣ ቁመቱ ከጠረጴዛ እምብዛም በማይበልጥ አንድ ሰው ፈቃድ ብቻ ነው!

ሰውየው ውሃልክ ይባላል። ስሙን ያወጡለት የሥራ ባልደረቦቹ ናቸው፤ ሳንቃ ትከሻው ላይ አስደግፎ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ በጠርዙ ሲያነጣጥር የፀጉር ያህል ጉብታ አታመልጠውም። ሃያ ዓመት በዚህ ሲንቀባረር ኖረ። ከዚያ የሚስቱ ታናሽ ወንድም እዚያው ተቀጠረ፤ ለካስ እሱም እንጨት ማየት ያውቅበታል! ውሃልክን ቅናት እንደ ምስጥ ከውስጥ ይቦረቡረው ጀመር።

አንድ ቀን በኤሌክትሪክ መጋዙ ጣውላ እየሰነጠቀ ሳለ አንዲት ደንበኛ አማቹን «እጅህ ይባረክ» ስትለው ሰማ። ዓይኑ ጣውላውን ትቶ ወደ ምርቃቱ ሄደ። ጣውላው ተሰነቀረ፤ መጋዙ የተፋው ጉማጅም ግራ ዓይኑን እንደ ቡጢ ነረተው።

ሐኪሟ በመብራት አየችው። «ዓይንዎ ውስጥ ደም ተጠራቅሟል። አንድ ሳምንት ትራስዎን ከፍ አድርገው ይተኙ። አያጎንብሱ፣ ከባድ አያንሱ። ዳግም ከደማ ዓይንዎን ሊያጡት ይችላሉ።»

«ቦታዬንስ ማን ይይዛል?»

«ኧረ እኔ የማወራው ስለ ዓይንዎ ነው!»

በሦስተኛው ቀን ሚስቱ ትራሱን እያስተካከለች ምላሷ አዳለጣት። «ወንድሜ ለትምህርት ቤቱ የሠራውን በር ሰዉ አይቶ አይጠግበውም አሉ።»

«ተወላግዷል።»

«አንተ ሰውዬ፣ ሳታየው?»

«በሩ ካልተወላገደ ወንድምሽ ተወላግዷል! ከሁለት አንዱ አይቀርም።»

ገበያ እስክትወጣ ጠብቆ፣ የዓይኑን መሸፈኛ እንደ ሹመት ምልክት ደቅኖ ሥራ ቦታው ከች አለ።

አማቹ ደነገጠ። «ጋሼ! ተኛ አልተባልክም እንዴ?»

«እኔ ድሮም እንጨት የማየው አንዱን ጨፍኜ ነው። ዞር በል!»

ገና ወደ ትምህርት ቤቱ ያልተወሰደውን በር ጠርዝ በደህናው ዓይኑ አነጣጠረ። ቀጥ ያለ ነው። ዞሮ ሌላውን አነጣጠረ። ይባስ ብሎ ቀጥ! የቀረው የታችኛው ጠርዝ ብቻ ነበር።

«ጋሼ፣ እኔ ላንሳልህ።»

«እጅህን ሰብስብ!» አለና አጎንብሶ ያን የሚያህል በር ብድግ አደረገው። ወዲያው ግራ ዓይኑን ሕመም ሰንጎ ያዘው። በሩ ሳይወድቅበት የደረሰለትም፣ ደግፎ ሐኪም ቤት ያደረሰውም ያው አማቹ ነው። መንገድ ላይ እንኳ «ታችኛውን ጠርዝ ሳላየው…» ይል ነበር።

ዳግም የደማው ዓይን ዛሬ ብርሃንን ከጨለማ ከመለየት አያልፍም። ርቀት መገመት ስላቃተው መዶሻው ከሚስማሩ ይልቅ አውራ ጣቱን ያገኘዋል። ደንበኛ ሁሉ አማቹን ፈልጎ ይመጣል፤ አማቹ ደግሞ «መጀመሪያ ጋሼ ይየው» ይላል። ይቺ ደግነት ናት ውሃልክን ከምርቃቱም በላይ የምታንጨረጭረው።

ሳቅ እንጂ፣ ማን ከለከለህ! ብቻ አንባቢ ሆይ፣ አንድ ነገር ልለምንህ፦ ዓይንህን ተመትተህ ሐኪም «ተኛ» ያለህ ለታ፣ በቦታህ ማን እንደቆመ ለማየት ከአልጋህ ከመውረድህ በፊት፣ እባክህ ውሃልክን አስብና መልሰህ ተኛ!