ያልተጠራው ዋጋ

ባለፈው ዓመት የካቲት መጀመሪያ ላይ ነው፤ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል። ፍኖተ ሰላም ካለው ቢሯችን ደጃፍ ቆሜ አዲስ አበባ ለሚገኝ አንድ የሶፍትዌር ድርጅት ደወልኩ። የጠየቅሁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ "ዋጋው ስንት ነው?" የዚህችን አጭር ጥያቄ መልስ ስጠብቅ ያሳለፍኳቸው ሦስት ሳምንታት ትዝ ሲሉኝ እጄ ዛሬም ዝም ብሎ ስልኬን ይነካካል።

የምሠራው በአንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን ውስጥ ነው። ምርጥ ዘር የሚፈልጉ ገበሬዎችን እመዘግባለሁ። ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ኮምፒውተር ቢሆንም ምዝገባችን በደብተር ነበር። በፊተኛው ዓመት ከደብተሩ ላይ ገጾች ተገንጥለው ጠፉ። ከጅጋ ወዲያ ካለ ቀበሌ በእግራቸው የመጡ እማማ ጥሩዬ የሚባሉ ባልቴት ቀድመው የተመዘገቡ ቢሆንም ስማቸውን ብፈልግ ብፈልግ አጣሁት።

"ልጄ፣ ፊትሽ ቆሜ ጽፈሽኛል እኮ" አሉኝ።

ጽፌያቸዋለሁ። መልካቸውን አስታውሳለሁ። ስማቸው ግን የለም፤ ዘሩም አለቀ። ባዶ ጆንያቸውን አጥፈው ብብታቸው ሥር ይዘው ተመለሱ።

የመመዝገቢያ ሶፍትዌር ይገዛልን ብዬ ለቦርዱ ማመልከቻ የጻፍኩት ለዚያ ነው። ቦርዱም በጀት ያዘ። የቀረው፣ የዓመቱ ምዝገባ ሳይጀመር ዋጋውን ጠይቆ ማምጣት ነበር። እኔም የአንድ ቀን ሥራ መስሎኝ ነበር።

ስልኩን ያነሳው የሽያጭ ሠራተኛ ትሑት ነው። "እህቴ፣ ዋጋ የምንናገረው ፍላጎታችሁን ካጠናን በኋላ ነው" አለኝ። ፎርም ላከ፤ ሞልቼ መለስኩ። በማግሥቱ ሌላ ፎርም ላከ። ቀጥሎ ደግሞ አሠራሩን በቪዲዮ ላሳይሽ አለ። ኔትወርክ ሲጠፋብኝ ስልኬን ይዤ ከግቢው ዋንዛ ሥር እስከ መጋዘኑ በር እመላለሳለሁ። ድረ ገጻቸው ላይ ዋጋ መጻፍ ባለበት ቦታ "ያነጋግሩን" ይላል። አነጋገርኳቸው፤ ዋጋው ግን የለም። ሌሎች ሁለት ድርጅቶችም ዘንድ ደወልኩ። እነሱም ያው ናቸው።

የቦርዱ አባል አቶ ይበልጣል በየጠዋቱ በቢሮዬ በር አንገታቸውን ያስገባሉ።

"እህስ ማስተዋል፣ ዋጋውን ጠሩት?"

"ገና ነው፣ ጋሼ።"

"ዕቃውን ገበያ አውጥቶ ዋጋ መጥራት የሚያፍር ምን ዓይነት ሻጭ ነው? ሙሽራ ነው እንዴ?" ብለው ይስቃሉ። እኔም አብሬ እስቃለሁ። እሳቸው ሲሄዱ ኢሜይሌን እንደገና እከፍታለሁ።

በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ የመጀመሪያው ድርጅት የሽያጭ ሠራተኛ ራሱ ደወለልኝ። ስለ አገሩ አየር፣ ስለ እናቴ ጤና ጠየቀኝ። ከዚያ "ግምት እንድሰጥሽ፣ የያዛችሁት በጀት ስንት ነው?" አለ። ወሬ ቀየርኩ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ጠየቀኝ። የኔትወርክ ችግር አስመስዬ አለፍኩት። ሦስተኛ ጊዜ ሲጠይቀኝ ይሉኝታ ያዘኝ። እኛ ቤት የቤተሰብን ደኅንነት የጠየቀን ሰው መልስ መከልከል ነውር ነው። ነገርኩት። እስከ መጨረሻዋ ብር ነገርኩት።

"በጣም አመሰግናለሁ እህቴ" አለና ወዲያው ተሰናበተኝ።

የዋጋ ማቅረቢያው ከአምስት ቀን በኋላ በኢሜይል መጣ። የቦርዱ ስብሰባ በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ነበር። ቁጥሩን ሳየው ሌላ ወረቀት የከፈትኩ መስሎኝ ዘግቼ እንደገና ከፈትኩት። ከያዝነው በጀት አንድ ብር አይበልጥም፤ አንድ ብር አያንስም።

ስብሰባው ላይ ሳነበው የቦርዱ ሰብሳቢ ቄስ መንግሥቱ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። "የእግዚአብሔርን ሥራ ተመልከቱ! ልክ በያዝነው!" አሉ። አቶ ይበልጣልም "ሙሽራው ተናገረ በሉኛ!" ብለው ሰውን አሳቁት። ተጨበጨበልኝ። ሰው ፊት መናገር ድሮም አይሆንልኝም፤ አንገቴን ደፍቼ ቆምኩ። በማግሥቱ አራት ሰዓት ላይ ውሉ ማኅተም እንዲደረግበት ተወሰነ።

እንደወጣሁ ደብሬ ዘንድ ደወልኩ። ደብሬ ዩኒቨርሲቲ አንድ ክፍል የኖርን ጓደኛዬ ናት። ሊበን ከተማ ውስጥ እንደኛው ባለ ማኅበር ትሠራለች፤ ያንኑ ሶፍትዌር እንደገዙ ያወቅሁት የዋጋ ማቅረቢያው ላይ ከተዘረዘሩት ደንበኞች መሐል የማኅበራቸውን ስም ሳይ ነው።

"ስንት ገዛችሁት?" አልኳት።

"በእናትሽ እሱን አትጠይቂኝ። ዋጋውን ለማንም አንናገርም ብለን ፈርመናል።"

"የእኛስ ከበጀታችን ጋር ልክ ገጠመ።"

ወዲያው "በጀታችሁን ጠይቆሽ ነበር?" አለች።

"አዎ።"

"እኔንም ጠይቆኝ ነበር። የእኛም ልክ ገጠመ።" ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ቀጠለች። "ዋጋውን አትናገሩ ይላል ውሉ። በጀታችሁን አትናገሩ ግን አይልም።"

በጀታቸውን ነገረችኝ። የእኛን እኩሌታ እንኳ አይሞላም። የሚመዘግቡት ገበሬ ደግሞ ከእኛ ይበዛል።

እራት አልበላሁም። ዝም ብል የሚያውቅብኝ የለም። ሶፍትዌሩ ይገባል፤ የእማማ ጥሩዬም ስም ከእንግዲህ አይጠፋም። ብናገር ግን ማኅተሙ ይቀራል፤ ምዝገባው ደግሞ ሰኞ ይጀመራል። ያጨበጨቡልኝ ሰዎች ምን እንደሚሉኝ ሳስብ ፊቴ ይግላል። እቀመጣለሁ፤ እነሳለሁ። እናቴ "ምን ነክቶሻል፣ ጉንዳን ላይ ነው እንዴ የተቀመጥሽው?" አለችኝ።

በማግሥቱ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ቆሜ ጠበቅሁ። ቄስ መንግሥቱ ኪዳን አድርሰው ሲወጡ መስቀል ተሳለምኩ።

"አባ፣ የትናንቱ የእግዚአብሔር ሥራ አይደለም። በጀቱን ለሰውየው የነገርኩት እኔ ነኝ።"

የደብሬን ስም ሳላነሳ የቀረውን ሁሉ ነገርኳቸው። ፊታቸው ጠቆረ።

"ለመሆኑ በሬ ገዝተሽ ታውቂያለሽ?" አሉኝ።

"አላውቅም፣ አባ።"

"ያስታውቃል። ኪስሽን ገልብጠሽ ለበሬው ባለቤት አሳየሽው።" እንባዬ መጣ። ይህን ሲያዩ ድምፃቸው ለዘብ አለ። "እኔስ ብሆን? የሽማግሌ ነገር፣ ሳላጣራ በፈጣሪ አላከክሁት። በይ ደውዪ። በጀቱን እርሱት፣ ለሁሉም የምትሸጡበትን ዋጋ ጥሩ በይው።"

እዚያው ቅጥሩ ሥር ደወልኩ። "ለሁሉም የምትሸጡበትን ዋጋ በጽሑፍ ላኩልን። ካልሆነ ማኅተም የለም" አልኩት። ያን ቀን ስለ እናቴ ጤና አልጠየቀኝም። "ኃላፊዬን አነጋግሬ እደውላለሁ" አለ።

እስከ ዛሬ አልደወለም። ዋጋውንም አላወቅሁትም። ስልኬ በጮኸ ቁጥር አሁንም እደነግጣለሁ። ያን ጠዋት በመናገሬ ግን አንድም ቀን አልተጸጸትኩም።

ከቄስ መንግሥቱ ተለይቼ ወደ ቢሮ ስሄድ በመንገዴ ካለ ሱቅ ሁለት ወፍራም ደብተሮች ገዛሁ። አንዱ ከእኔ ጋር ሊሆን፣ አንዱ መጋዘን ሊቀመጥ። አንድ ገጽ ቢገነጠል እንዲታወቅ ገጾቹን ሁሉ ከአንድ ጀምሬ በእጄ ቆጠርኩ፤ እያንዳንዱ ላይም ቁጥሩን ጻፍኩ። አራት ሰዓት ሲሆን ቁጥር ሰጥቼ ጨረስኩ። ከዚያ ወደ መጀመሪያው ገጽ ተመለስኩና በሁለቱም ደብተሮች ላይ፣ አንደኛው መስመር ላይ፣ እማማ ጥሩዬ ብዬ ጻፍኩ።