በዓይኔ አላየሁም

ለሕግ ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና ስዘጋጅ የበረዶውን ወራት ቅዳሜና እሁድ የፈጀሁት እዚህ ውጭ አገር፣ ፔንብሩክ ሜዶውስ የሚባል ሰፈር ባለው የወላጆቼ ቤት፣ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ነው። ከሁሉም የምወደው ሎጂካል ሪዝኒንግ የሚሉትን ክፍል ነበር። አጭር አንቀጽ ላይ አንድ ሰው ይከራከራል፤ እኔ የክርክሩን ቀዳዳ እፈልጋለሁ። ዋናው ሕግ፣ ከተጻፈው ውጭ የማውቀውን ሁሉ ትቼ የተረጋገጠውን ብቻ መመለስ ነው። ይህን ሕግ የሙጥኝ ብዬ ይዤው ነበር። ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ እኮራበትም ነበር።

ፈተናው ሁለት ሳምንት ሲቀረው ታላቅ እህቴ ባሏን ጥላ፣ አንድ ሻንጣ ይዛ ሜይላንድ ሃይትስ ከሚባለው ሰፈራቸው መጣች። ካፖርቷን ሳወልቅላት ክንዷ ላይ የአራት ጣት ምልክት አየሁ፤ በልዟል።

"ጨምድዶ ይዞ ከፍሪጁ ጋር አጋጨኝ" አለችኝ። "ለእማዬ እንዳትነግሪ።"

አልነገርኩም።

አባቴ እንደ ወጉ ሽማግሌ ጠራ። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሦስት ሰዎች መጡ፤ በረዶ የነካው ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ሳሎን ተቀመጡ። ባልየውም መጥቶ አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ። እኔ ሻይ አቅርቤ ወደ መጽሐፌ ተመለስኩ። የዚያ ቤት ግድግዳ ስስ ነው፣ ሁሉም ይሰማል። አንዱ "እንኳን ባልና ሚስት፣ እግርና እግርም ይጋጫል" አሉ። ሌላው በትዳር ሠላሳ ዓመት እንደኖሩና እሳቸው ቤትም ጠብ እንዳልጠፋ ተናገሩ። ከዚህ ምን እንደሚከተል አንድ ሰው እንኳ አልጠየቃቸውም። እኔ እርሳሴን ይዤ የእያንዳንዳቸውን ስህተት ገጹ ጠርዝ ላይ እጽፋለሁ። በልቤ እስቅባቸው ነበር።

እህቴ "እጁን አንስቶብኛል" አለች።

"ኖ ጋሼ፣ አርጊው አደረግን፣ ተጨቃጨቅን እንጂ ተች አላደረግኳትም፤ እጄ አልነካትም" አለ ባልየው።

"እህቴ ታውቃለች፤ እሷን ጠይቋት" አለች።

ጠሩኝ። ትልቁ ሽማግሌ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ነይ ልጄ፣ አትፍሪ። ሲመታት በዓይንሽ አይተሻል?" አሉኝ።

ጥያቄው ግልጽ ነበር፤ የተረጋገጠው መልስም አንድ ብቻ ነው። "አይ ጋሼ፣ ሲመታት በዓይኔ አላየሁም" አልኩ። "ግን" ብዬ ስለ ክንዷ ልቀጥል አፌን ስከፍት እሳቸው ቀደሙኝ።

"ተባረኪ፣ እውነተኛ ልጅ። በይ ስተዲሽን አታቋርጪ።"

ታናሽ ልጅ ሽማግሌ ፊት የተጠየቀችውን መልሳ ትወጣለች እንጂ ከራሷ አትጨምርም። እህቴ ትክ ብላ አየችኝ። ወጣሁ። እውነቱን ለመናገር፣ በመውጣቴ ቀለል አለኝ።

"እንግዲህ እሷም አላየሁም ብላለች፤ ነገሩ የአፍ ጠብ ነው" ሲሉ ከወጥ ቤት ሰማሁ። እኔ ስላላየሁ አልሆነም ማለት ነው። ይህ ስህተት መጽሐፌ ውስጥ ራሱን የቻለ ምዕራፍ አለው፤ ሰዓት ይዤ ስለማመድ ወዲያው ነበር የማገኘው። ተነስቼ መናገር እችል ነበር። በሩ እንኳ አልተዘጋም። ቁጭ ብዬ ገጽ ገለጥኩ።

ይቅር ተባባሉ፣ ጉልበት ተሳመ፣ ተመረቁ። እህቴ ሻንጣዋን ፈትታው አታውቅም ነበር፤ እንደመጣ ይዛው ወጣች። ባልየው መኪናውን አሙቆ ይጠብቃት ነበር።

ፈተናውን ጥሩ አመጣሁ፤ በተለይ ያንን ክፍል። አባቴ ያላበሰረው ሰው የለም። ትልቁ ሽማግሌ ደውለው "አንቺማ ዳኛ ይወጣሻል፤ ያየሽውን ብቻ ነው የምትናገሪው" ብለው መረቁኝ።

"አሜን ጋሼ" አልኩ። አሜን ያለውን አፌን ዛሬም እጠላዋለሁ።

አሁን የሕግ ተማሪ ነኝ። ባለፈው ሐምሌ እህቴ ቤት ሄድኩ። ሙቀቱ ሰው ያቀልጣል፤ እሷ ግን ረጅም እጅጌ ለብሳ ዕቃ ታጥባለች። ባልየው አልነበረም። ድፍረቱ ያኔ መጣልኝና "እስኪ ክንድሽን አሳዪኝ" አልኳት።

ውሃውን አልዘጋችውም፤ ዞራም አላየችኝም።

"አይተሽው ነበር እኮ" አለችኝ።