ባትሪ የሌለው ዲናሞ

አባቴ ልባቸውን ለመታከም ሕንድ ሊሄዱ ሦስት ቀን ሲቀራቸው አውሮፕላን አልሳፈርም አሉ። ፊዚክስ ሳስተምር ብዙ ግትር ተማሪ ገጥሞኛል፤ እሳቸውን የሚያህል ግን አላየሁም።

ነገሩን ያመጣችው ሩዋንዳ ሰፈር ያለችው ጎረቤታችን ናት። የምድር ማግኔት እየደከመ ስለሆነ አውሮፕላን መንገድ ይስታል የሚል ቪዲዮ በስልኳ አሳይታቸው ነበር። ሐኪሙ ደግሞ ከዚህ በላይ መቆየት አደገኛ ነው ብሎናል። እኔ እንቅልፍ አጣሁ።

ከሰዓት በኋላ በረንዳው ላይ አስቀምጫቸው ልክ እንደ ክፍል ጀመርኩ። ገና «መግነጢሳዊ መስክ» ከማለቴ አቋረጡኝ።

«የቱ ጋ ያለው መስክ ነው? ከብት የሚሰማራበት?»

የሚያሾፉብኝ መስሎኝ ተናደድኩ፤ ለካ የምራቸውን ነው። ጥፋቱ የኔ ነበር። ዕድሜ ልካቸውን ሃያ ሁለት ሰፈር ጋራዥ ውስጥ የመኪና ኤሌክትሪክ ሲሠሩ ለኖሩ ሰው የመማሪያ መጽሐፍ ቃል ምን ያደርግላቸዋል? መጽሐፉን ተውኩት።

«አባባ፣ ምድር ሆዷ ውስጥ ዲናሞ አላት።»

ቀና አሉ። ከእግራችን በታች እጅግ ጥልቅ ቦታ ላይ የቀለጠ ብረት እንዳለ፣ ሙቀቱ እያፈላ ሽቅብ እንደሚገፋው፣ የምድር መዞር ደግሞ እንደሚጠመዝዘው ነገርኳቸው። ብረቱ በነበረው ማግኔት ውስጥ ሲንቀሳቀስ ኤሌክትሪክ ይፈጥራል፤ ኤሌክትሪኩ ደግሞ ማግኔቱን መልሶ ያድሳል። ፀሐይም በጋለ ጋዟ ተመሳሳይ ሥራ ትሠራለች።

«ባትሪውስ?» አሉ።

የለውም አልኳቸው፤ በዚሁ ተበላሸብኝ ብዬ ፈራሁ። እሳቸው ግን ራሳቸው ያስረዱኝ ጀመር። የድሮ መኪና ዲናሞም ብረቱ ውስጥ የቀረች ጥቂት ማግኔት ካለች ትበቃዋለች፤ ሲዞር ራሱን በራሱ ያጠነክራል። ታዲያ እየደከመ ነው የሚባለውስ? ብለው ጠየቁ። ከፍ ዝቅ ማለት ልማዱ እንደሆነ፣ በአንድ ሰው ዕድሜ እንደማያልቅ፣ አብራሪውም በኮምፓስ ብቻ እንደማይሄድ ነገርኳቸው።

«ከመጀመሪያው ዲናሞ ነው አትዪም ነበር?» ብለው ሻንጣቸውን አስመጡኝ። እፎይ አልኩ።

ወንድሜ ይዟቸው ሄደ። ኦፕራሲዮኑ በሰላም ማለቁን የሰማሁት ቦሌ መድኃኔዓለም አጠገብ ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ሆኜ ነው። በማግስቱ ክፍል ውስጥ እያለሁ ራሳቸው ደወሉ፤ ድምፃቸው ቀጥኗል።

«ጎረቤታችን ውጭ አገር ልጇ ጋ ለመብረር ፈርታለች» አሉኝ። «ሄደሽ አስረጂያት።»

ደረታቸው በተከፈተ ማግስት የሚያስቡት ይህን ነበር። ተማሪዎቼ ፊት አለቀስኩ፤ አላፈርኩም።