የፈረንጁ ላባ

ጣሊያን ከመግባቱ በፊት ነው። ክረምቱ ሲወጣ የዝዋይ ሐይቅ ዓሣ ወደ ጥልቁ ሸሽቶ መረባችን ባዶ ሰነበተ፤ አራስ ሚስቴ የምትቀምሰው አጥታ ነበር። ከናዝሬት በበቅሎ የመጣ አንድ ፈረንጅ በደንገል ታንኳዬ እንድወስደው ጠየቀኝ። በእኛ ዘንድ ቀዛፊ ከተያዘው ግማሹን ስለሚወስድ ዋጋ አልተነጋገርንም።

መንጠቆው ላይ የዶሮ ላባ አስሮ ሲወረውር ስጋት ገባኝ።

«ጌታዬ፣ ዓሣ ዶሮ አይበላም» አልኩት።

«አንተ ቅዘፍ» አለኝ።

እውነትም አንድ ትልቅ ዓሣ ያዘ። እኔ በልቤ መረቁን ሳፈላ፣ እሱ ዓሣውን አገላብጦ አየና መልሶ ውሃው ውስጥ ለቀቀው።

«ምነው ጌታዬ?»

«ያሳዝናል» አለኝ።

እስኪመሽ የያዘውን ሁሉ እንዲሁ ለቀቀና ላባውን ሸልሞኝ ሄደ። ሌላ የምሰጣት ስላልነበረኝ ለሚስቴ እሱኑ ዘረጋሁላት።

አገላብጣ አየችውና፣ «ዶሮዋስ?» አለችኝ።