ጤነኛ ሰው ይሮጣል?

አንድ ጠዋት፣ ከሰቆጣ ወጣ ብላ ባለች መንደር፣ በሕይወት ላለ ሰው ተለቀሰለት... ያስለቀስኩት ደግሞ እኔ ነኝ።

ዘመኑ የደርግ ነው። ብሔራዊ ውትድርና ተጀምሮ ወጣቱ በመኪና እየተጫነ ወደ ግንባር የሚሄድበት ሰሞን። እኔ ከደሴ ተመድቤ ሰቆጣ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ጸሐፊ ነበርኩ። ወንበር ላይ ከመዋል ብዛት ወፍሬ፣ ደም ግፊት ይዞኝ፣ ሐኪሙ «ወይ ትሮጣለህ፣ ወይ ትሞታለህ» ብሎ ቁርጤን ነገረኝ። በቃ፣ ሳልወድ በግዴ ጧት ጧት መሮጥ ጀመርኩ።

ስጠላው! ጎኔን ይወጋኛል፣ ጉልበቴ ይንቀጠቀጣል፣ ዳገቱ ደግሞ ማለቂያ የለውም። ሁልጊዜ «ነገ አቆማለሁ» እያልኩ ነው የምተኛው።

ያን ቀን ለለውጥ ብዬ ወደዚያች መንደር በሚወስደው መንገድ ወጣሁ። መጀመሪያ ያገኘሁት ቤት በር ላይ ስደርስ ትንፋሼ አለቀና ቆምኩ። ጉልበቴን ይዤ ጎንበስ አልኩ... አንዲት ሴትዮ ከአጥሩ ውስጥ ቆመው ያዩኛል። እትዬ ብርቅነሽ ይባላሉ፤ ስማቸውን ያወቅኩት በኋላ ነው።

«ተናገር!» አሉኝ።

ልናገር እሞክራለሁ፣ ትንፋሽ የለም። እጄን አወራጫለሁ፣ ራሴን እነቀንቃለሁ።

«ወይኔ ልጄን! ወይኔ ሲሳይ!» ብለው መሬት ላይ ወደቁ።

ለካ በዚያ አገር ትልቅ ሰው ዝም ብሎ አይሮጥም። በጠዋት እየሮጠ መጥቶ ደጅ ላይ የቆመ ሰው የሞት ወሬ ያመጣ አርጂ ነው። የሴትዮዋ አንድ ልጅ ሲሳይ ደግሞ ወታደር ሆኖ ግንባር ሄዷል፤ ወሬው ከጠፋ ቆይቷል። እኔ ይህን ከየት ልወቅ!

ትንፋሼ እስኪመለስ መንደሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ደረታቸውን ይመታሉ። አንድ ሽማግሌ ክንዴን ጨምድደው ያዙኝ።

«ማን ላከህ?»

«ማንም።»

«ታዲያ ማን አባረረህ?»

«ኧረ ማንም አላባረረኝም አባቴ... ለጤናዬ ብዬ ነው የምሮጠው።»

ሽማግሌው ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «ጤነኛ ሰው ይሮጣል?»

ማን ይመነኝ! «ደብቆን ነው» የሚል አለ፣ «ለይቶለታል» የሚል አለ። ማተቤን ይዤ ስምል ነው ለቅሶው ጋብ ያለው።

በሀፍረት ልሞት ደረስኩ። «ሁለተኛ በዚህ አልመጣም፣ ይቅር ይበሉኝ እናቴ» አልኳቸው። በልቤ ግን፣ እውነቱን ልናገርና፣ ከሩጫ መገላገያ ምክንያት ስላገኘሁ ደስ ብሎኛል።

እትዬ ብርቅነሽ እንባቸውን ጠረጉ።

«ትመጣለህ እንጂ! እንዲህ አስደንግጠኸኝማ አትቀርም። ጧት ጧት በዚች በር እየሮጥክ እለፍ። ብቻ እንዳትቆም! የሚቆመው አርጂ ነው። አንተ ሳትቆም ካለፍክልኝ፣ ልጄ አለ ብዬ እውላለሁ።»

እስቲ እምቢ በላ!

ከዚያ ወዲያ መቅረት የለ። ብርድ ሆነ ጭቃ ሆነ፣ «ሴትዮዋ በር ላይ ቆመዋል» ስል ብርድ ልብሱን ወርውሬ እነሳለሁ። እሳቸው «እለፍ! እለፍ የኔ ጌታ!» ይሉኛል፤ እኔም ጉራዬ ይመጣና በሩ ጋ ስደርስ ፍጥነት እጨምራለሁ። ሽማግሌው እንኳ «ዛሬ ለገምክ» እያሉ ይተርቡኝ ጀመር። መቼ እንደሆነ አላውቅም፣ አንድ ቀን ዳገቱን ጨርሼ ሳበቃ ጎኔ እንዳልወጋኝ ታወቀኝ። ቀዝቃዛው አየር ደረቴን ሲሞላው... ደስ አለኝ፤ እንዲሁ፣ ያለ ምክንያት። ያን ያህል የጠላሁትን ነገር ማታ ስተኛ እናፍቀው ጀመር።

ታዲያ አንድ ጊዜ ትኩሳት ጣለኝና መነሳት አቃተኝ። ረፋዱ ላይ አከራዬ፣ ባለሱቁ ሐጂ፣ በሩን ከፈት አድርገው «እንግዳ መጥቶብሃል» አሉኝ። እትዬ ብርቅነሽ ናቸው። ያን ሁሉ መንገድ በእግራቸው መጥተዋል። ነጠላቸው ተዘቅዝቋል፣ ከንፈራቸው ደርቋል።

«ሰምተህ ነው አይደል? ልትነግረኝ ጨንቆህ ነው የቀረኸው?»

«ኧረ ምንም አልሰማሁም! አሞኝ ነው እትዬ።»

«በሞቴ?»

«እርስዎ ይሙቱ!»

አላመኑኝም። ጠጋ ብለው መዳፋቸውን ግንባሬ ላይ አሳረፉ። ግንባሬ እሳት ነው። እጃቸውን እዚያው እንዳኖሩ ፊታቸው ወገግ አለ።

«እሰይ! ተመስገን! እንኳን ታመምክ!» ብለው እልልታውን አቀለጡት። ሐጂ የበሩን መቃን ይዘው ደርቀው ቀሩ።

ኋላ ያሉት ነገር ገባቸውና አፋቸውን ያዙ። «ውይ በሞትኩት... እግዜር ይማርህ እንጂ ልጄ» እያሉ አቅፈውኝ አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ፤ በትኩሳቱ አሳበብኩ።

ሲሳይ ጦርነቱ ሲያልቅ በገዛ እግሩ ቤቱ ገብቷል። እኔም ይኸው ሸምግያለሁ። ዛሬም ጧት ጧት እሮጣለሁ፣ ሩጫ ካላችሁት እንግዲህ። «በዚህ ዕድሜህ ምን ያስነሳሃል?» ሲሉኝ «ደስ ይለኛላ!» እላለሁ፤ እውነቴን ነው።

ግን ደግሞ... አንዲት እናት ትኩሳቴን ዳስሳ እልል ካለችበት ቀን ወዲህ፣ አልጋ ላይ ማርፈድ ያስፈራኛል።