ቀኝ እጅ መሪ ላይ

ዳባት ግብርና ቢሮ ሥራ በገባሁበት ቀን አለቃዬ የሞተር ሳይክል ቁልፍ አቀብለውኝ «መንዳት ትችላለህ?» አሉኝ። «እንዴታ» አልሁ። ከብስክሌት በቀር ነድቼ አላውቅም ነበር። ያን ዕለት ከግቢው አጥር ጋር ተላተምሁ፣ በማግስቱ የበግ ክትባት ጭኜ ገጠር ወጣሁ። ያኔ አሠልጣኝ የሚባል ነገር የለም። ወድቀህ ትማራለህ፣ አለዚያም ወድቀህ ትቀራለህ።

በእንስሳት ጤና ረዳትነት ጀምሬ፣ ኋላ የቢሮው ሞተሮች ሁሉ በእኔ ኃላፊነት ሆኑ። ነዝናዛ ነው ይሉኝ ነበር። ይበሉ። የፍሬን ሸራውን ሳያይ ቁልቁል የሚወርድ ሰው ከእኔ ቁልፍ አያገኝም።

አንዱን ግን አጣሁት። ሙሉቀን ይባላል፤ ከብት የሚከትብ፣ የቄስ አለባቸው የበኩር ልጅ። የጠጠሩ መንገድ ወደ ቆላ ሲወርድ ኩርባው ላይ የማርያም ቤተክርስቲያን አለች። የእኛ አገር ሰው ቤተክርስቲያን ሳይሳለም አያልፍም። እግረኛው ቆም ብሎ፣ አውቶቡስ ውስጥ ያለው እንደተቀመጠ ያማትባል። ሞተር ላይ ያለው እየነዳ ያማትባል። የሚማተበው በቀኝ እጅ ነው፤ የሞተር ነዳጅ መስጫውም የፊት ፍሬኑም ያሉት በቀኝ እጅ በኩል ነው። ሙሉቀን ቀኝ እጁን አነሣ፣ የፊት ጎማው ጠጠሩ ላይ ተንሸራተተ፣ ገደል ገባ። ከኋላው እየነዳሁ ስለነበር ሁሉንም በዓይኔ አየሁ።

ለቅሶው ላይ ሰው ሁሉ «እመቤታችንን እየተሳለመ ሄደ፤ እንዲህ ያለ ሞት ለማን ተሰጥቶ» እያለ አባቱን አጽናና። ቄስ አለባቸው በዚያች ቃል ተደግፈው ነው ከፍራሹ የተነሡት። ያን ዕለት ሌላ ነገር የሚናገር ሰው ጨካኝ ነው።

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ቢሮው መልሶ ጠራኝ። ለጀማሪ ነጂዎች ደባርቅ ላይ የመጀመሪያው የአነዳድ ሥልጠና ሊሰጥ ነውና ሜዳውን አዘጋጅልን ተባልሁ። ከሠልጣኞቹ አንዷ ትርንጎ ነበረች፣ የሙሉቀን ታናሽ እህት። በወንድሟ ሥራ ተቀጥራ በዚያው መንገድ ልትመላለስ ነው። አንድ ቀን ስትለማመድ አየኋት። በቤተክርስቲያን በር ስታልፍ ቀኝ እጇ ከመሪው ተነሣ። ይችን ልጅ ደግሞ ልቀብር ነው አልሁ።

የተሰጠን በጥምቀት ፈረስ የሚጋለብበት ሜዳ ነው። ድንጋዩን አስለቀምሁ። መስመሩን በኖራ አሰመርሁ። ከባጃጅ ጠጋኞች አሮጌ ጎማ ለምኜ ጠመዝማዛ መንገድ ሠራሁ፣ ኩርባው ላይ ጠጠር አስደፋሁ። ሞተሮቹን አንድ በአንድ አየሁ፤ የጎማውን ንፋስ፣ የካቴናውን መላላት፣ የፍሪሲዮኑን ገመድ። በመጨረሻ ኩርባው ዳር አንድ ረጅም እንጨት ተከልሁ።

የቢሮው ኃላፊ ገና ወጣት ነው። መጥቶ አየና «ጋሼ፣ ይሄስ እንጨት ምንድን ነው?» አለኝ።

«ቤተክርስቲያን ነው በለው። እዚህ ሲደርሱ ሞተሩን አቁመው፣ እግራቸውን መሬት አስነክተው ይሳለማሉ። እየነዱ መሳለም የለም።»

ፊቱ ተለዋወጠ። «ኧረ ይተውት ጋሼ። ነገ ቢሮው መሳለም ከለከለ ተብሎ ነው የሚወራው።»

«ካህን ቢናገረውስ?»

«ካህን ከተናገረውማ ማን አፉን ይከፍታል?»

የትኛው ካህን መናገር እንዳለበት አውቃለሁ። ወደ እሳቸው ለመሄድ ግን ቀናት ፈጀብኝ።

ቄስ አለባቸውን ከቅዳሴ በኋላ በቤተክርስቲያኑ አጸድ ውስጥ አገኘኋቸው። መስቀል ተሳልሜ የመጣሁበትን ነገርኋቸው። አቀርቅረው ሰሙኝ።

«ልጅህ በጥፋቱ ሞተ ልትለኝ ነው የመጣህ?» አሉኝ።

«አይደለም አባ። ስለ ትርንጎ ነው የመጣሁት። እሷም እጇን ታነሣለች።»

«እመቤቴን ሲሳለም ነው የሄደው። ከዚያች ቃል ሌላ የቀረኝ የለም። ያችንም ቃል ትወስድብኛለህ?»

አንጀቴን በሉት። «የሥልጠናው ዕለት ሜዳው ድረስ ይምጡና በዓይንዎ ይዩ። ከዚያ በኋላ ተው ካሉኝ እተዋለሁ» አልኋቸው። ወደ ቤታቸው አዘገሙ።

በዕለቱ ማለዳ ጥምጥማቸውን ጠምጥመው፣ መስቀላቸውን ይዘው መጡ። እንጨቱ አጠገብ ቆሙ። ሠልጣኞቹን ሄልሜትና ጓንት አስለብሼ፣ በቀስታ እንዲነዱና እንጨቱ ጋ ሲደርሱ እንዲያቆሙ ነገርኋቸው። ምክንያቱን ግን ካህኑ ሳይናገሩ ለመናገር አልደፈርሁም።

የመጀመሪያው ነጂ አንድ ደልደል ያለ ጎረምሳ ነበር። ጎማዎቹን ጥሩ አድርጎ ዞረ። ኩርባው ላይ ሲደርስ ካህን አየ፣ መስቀል አየ፤ ማቆሙን ረስቶ ቀኝ እጁን ወደ ግንባሩ አነሣ። መሪው ጠመመ፣ የፊት ጎማው ጠጠሩ ላይ ሸሸ፣ ከነሞተሩ በጎኑ ተኛ። ሮጠን አነሣነው። ክርኑ ከመላጡ በቀር ደኅና ነበር፤ ሳቁን እየሳቀ አቧራውን አራገፈ።

ቄስ አለባቸው አልሳቁም። የወደቀበትን ቦታ ያያሉ።

«እንዲህ ነበር?» አሉኝ ቀስ ብለው።

«እንዲህ ነበር፣ አባ።»

«ሌላ ነገር አልነበረም?»

«አልነበረም። የዚያኛው መንገድ ቁልቁል፣ ዳሩም ገደል ነው እንጂ ያየሁት ይህንኑ ነው።»

በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። እኔም አልቻልሁም፤ ፊቴን አዞርሁ። ከዚያ ሠልጣኞቹን ጠሩ። «ልጆቼ፣ ቆማችሁ ብትሳለሙ እመቤታችን አትቀየማችሁም። ጊዜ ከሌላችሁ በልባችሁ ተሳለሙ። እየነዳችሁ ግን እጃችሁን እንዳታነሡ። ማን ነው ያለው ቢሏችሁ ቄስ አለባቸው ነው በሉ።» ሥልጠናውን ሊያይ የመጣው የቢሮው ኃላፊም አንገቱን ደፍቶ ሰማ።

የትርንጎ ተራ ደረሰ። ከሩቅ ማርሽ ቀነሰች፣ ሁለቱን ፍሬን አንድ ላይ ያዘች፣ እንጨቱ ጋ ሲደርስ ሞተሩ ቀጥ አለ። እግሯን አወረደች፣ ሞተሩን አጠፋች፣ ከዚያ ነው እጇን ያነሣችው። አባቷ መስቀሉን ግንባሯ ላይ አድርገው ብዙ ቆዩ። ከኋላ ተራ የሚጠብቁት አልተንቀሳቀሱም።

«በይ ሂጂ» አሏት።

ሞተሩን አስነሥታ ሄደች። ቄስ አለባቸው እስክትዞር በዓይናቸው ሸኟትና ወደ እኔ መጡ።

«ከእንግዲህ ሰው ሲጠይቀኝ ልጄ ከሞተር ወድቆ ሞተ እላለሁ» አሉኝ።

በሙያው ላላችሁት የምነግራችሁ ይህንን ነው። ሞተር ቆሞ እግር መሬት ሳይነካ ቀኝ እጅ ከመሪው አይነሣም። ኀዘንተኛ የተጽናናበትን ቃል መንካት ከባድ ነው፤ መንገድ ላይ ያለ ልጅ ካለ ግን ይነካል።